ሠርግ ያበሰላት ልጅ

እንግሊዝ አገር ጉርምስናን የሚያዘገይ መድኃኒት ለልጆች ይሰጥ አይሰጥ በሚል ለዓመታት ተሟግተዋል። በ2021 (በፈረንጆቹ) ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ልጁ ለውሳኔ መብቃቱን የሚመዝነው ሐኪሙ ነው አለ፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት ከ18 ዓመት በታች ላሉት አዲስ እንዳይታዘዝ ከለከለ። ‹‹የፈረንጅ ጣጣ›› ብለን ልናልፈው ነበር። ግን ጥያቄው እኛም ቤት ከገባ ሰንብቷል፤ ልጅ በገዛ ገላው ላይ እሺ ወይም እምቢ ለማለት የሚበቃው መቼ ነው? እኛ ጋ የገባው በጋብቻ በር ነው።

እስቲ ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው እንበል። ከደባርቅ ተነስተን፣ ያንን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርደን ዛሪማ ደርሰናል። በጥር የተዳረች የ14 ዓመት ልጅ (የፈጠርናት ናት) የኤች አይ ቪ ምርመራ ፈልጋ መጣች። ማን ይፍቀድላት? አባቷ? ባሏ? ራሷ?

መልሱ የሚጀምረው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት ይችላል ይላል፤ ሞግዚት ግን በሥሩ ያለውን ልጅ ለጤናው የሚበጅ ከሆነ ማሳከም ይችላል። እስከዚህ ደግ። ይኸው ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቀደ፤ ከባድ ምክንያት ካለ ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ዓመት ሊቀንሱላት ይችሉ ነበር። 13 ማለት ነው! አንቀጽ 329 ደግሞ ጋብቻ ልጅን ከሞግዚት ነፃ ያወጣል አለ። ልብ በሉ፣ ዕድሜዋ ወይም ማስተዋሏ አልተጠየቀም። ሠርጓ በቃ።

ከዚያ የጋብቻ ዕድሜ በ1992 በፌዴራሉ፣ በ1995 በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አለ። ከ1997 ጀምሮ የሠራው የወንጀል ሕግም ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ይታሰራል አለ። የሚገርመው፣ የ1992ቱ ሕግም ‹‹ጋብቻ ነፃ ያወጣል›› የሚለውን እንደያዘ ቀረ።

በ1999 የወጣው የኤች አይ ቪ ምክርና ምርመራ መመሪያ ታዲያ 15 ዓመት የሞላው ራሱ ይወስን አለ። ከ13 እስከ 15 ያሉት ደግሞ ያገቡ፣ ያረገዙ፣ ጎዳና የወጡ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ከሆኑ እንደ አዋቂ ይታዩ። ፖሊስ ጣቢያ ‹‹ገና ልጅ ናት›› የተባለችው ጤና ጣቢያ ስትደርስ አዋቂ ሆነች።

መመሪያውን አንኮንነውም። ልጅቷን ከደጅ ቢመልሷት ባሏን ወይም አባቷን፣ ያንኑ የዳራትን ሰው፣ ልታስፈቅድ ነበር። የሚቆረቁረን መለኪያው ነው። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1985 (በፈረንጆቹ) ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነገሩን በቅጡ ከተረዳ ራሱ መፍቀድ ይችላል ብሏል። እኛ ጋ የተለካው የደረሰባት ነገር ነው።

ያች የዛሪማ ልጅ ገብታ ተመረመረች እንበል። አብራት የመጣች፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር፣ አልዳርም ብላ የተረፈች እኩያዋ ግን በር ላይ ‹‹አባትሽን ይዘሽ ነይ›› ትባላለች።