የቤት ኮምፒውተርን በፍላሽ ከሚዛመት የስክሪፕት ቫይረስ ስለ መጠበቅ

በሐዋሳ ከተማ የፋይዳ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ለማሳተም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ተገልጋይ ጥቂት አይደለም። በእነዚህ ቤቶች አንድ ኮምፒውተር በቀን የብዙ ሰዎችን ፍላሽ ስለሚያስተናግድ፣ በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው አጥፊ ሶፍትዌር ወደ መኖሪያ ቤት የሚሻገርበት ምቹ መንገድ ይፈጠራል።

ከእነዚህ ቫይረሶች ብዙዎቹ የሚጻፉት በስክሪፕት ነው። ስክሪፕት ዊንዶውስ በቀጥታ አንብቦ የሚፈጽመው፣ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ቫይረሱ በፍላሹ ያሉትን ፋይሎች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶችን ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ሾርትከቱን ሲጫን ስክሪፕቱ ይነሣል፤ ትክክለኛው ሰነድም አብሮ ስለሚከፈት ጥርጣሬ አይፈጠርም። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚታወቀው «ኤች-ዎርም» ደግሞ ኮምፒውተሩን በርቀት ለሚያዝ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

በዚህ ጊዜ ተጠቃሚዎች ፋይላቸው የጠፋ መስሏቸው ፍላሹን ፎርማት ያደርጋሉ። እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው፤ ሰነዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን ሳይነኩ ፍላሹን በዲፌንደር ወይም በሌላ የታደሰ ጸረ-ቫይረስ መፈተሽ፣ ቀጥሎም በፋይል ኤክስፕሎረር የአማራጮች ገጽ ላይ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ በማድረግ ሰነዶቹን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል። ፎርማት ማድረግ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ለመከላከል የመጀመሪያው እርምጃ የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ቅጥያውን እንደ ነባር አሠራር ይደብቃል። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተጠቀመው ይህንኑ ክፍተት ነበር፤ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የቀረበው ፋይል በቪቢኤስ ቅጥያ የሚያልቅ ስክሪፕት ነበር። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍቶ «ቪው»፣ «ሾው»፣ ከዚያም «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን መምረጥ በቂ ነው። ቪቢኤስና ጄኤስ ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች ሲነኩ በኖትፓድ እንዲከፈቱ ማስተካከልም ይመከራል፤ ስክሪፕቱ ከመሥራት ይልቅ እንደ ጽሑፍ ብቻ ይታያል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የወረዱ የኦፊስ ሰነዶች ውስጥ ያለን ማክሮ ያግዳል። ይሁን እንጂ በፍላሽ የመጣ ሰነድ ከኢንተርኔት ስለ መምጣቱ የሚያመለክተውን ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይዝ በዚህ እገዳ ላይ መተማመን አይገባም።

በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ ሌላ ማታለያም አለ። ገጹ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አብሮ በመጫን አንድ ትእዛዝ እንዲለጠፍ ይጠይቃል። ትክክለኛ የመንግሥት አገልግሎት ገጽ ይህን አይጠይቅም።

ዊንዶውስ 10 የሚጠቀሙ ዜጎች መደበኛው የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መቋረጡን ሊያውቁ ይገባል።

ጉዳት የደረሰበት ሰው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። ማስረጃ ስለሚሆን የተበከለው ፍላሽ ከማመልከቱ በፊት አይጽዳ።