የሃርቪ ኩሺንግ ቢላዋና እርሳስ

እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ የተወለደው ሃርቪ ኩሺንግ፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ሐኪሞች በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሳለ ከሕክምና ሠዓሊው ማክስ ብሮደል የሥዕል ትምህርት ስለ ቀሰመ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያየውን በእርሳስ እየነደፈ ከበሽተኛው መዝገብ ጋር ያያይዝ ነበር፤ ንድፎቹም ጌጥ ሳይሆኑ የዕጢውንና የደም ሥሩን አቀማመጥ የሚያስረዱ ሰነዶች ነበሩ።

በዚያ ዘመን የራስ ቅል ሲከፈት ዋነኛው አደጋ የደም መፍሰስ ስለ ነበር፣ ኩሺንግ በ1911 የደም ሥርን ቆንጥጠው የሚይዙ ጥቃቅን የብር መቆንጠጫዎችን አስተዋወቀ፤ በ1926 ደግሞ ዊሊያም ቦቪ የሠራውን፣ ሥጋን በኤሌክትሪክ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። በዚያው ዓመት፣ ለቀዶ ሐኪም እምብዛም ባልተለመደ ሁኔታ፣ በጻፈው የሐኪሙ የዊሊያም ኦስለር የሕይወት ታሪክ የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ።

ሰብአዊ አገልግሎቱ ግን ጎልቶ የታየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1915 በፈረንሳይ ቁስለኞችን ሲያክም፣ ጫፉ የደነዘ ረጅም ሚስማር በቁስሉ ቀዳዳ አስገብቶ፣ ሌላውን ጫፍ ከትልቅ ማግኔት ጋር በማገናኘት የብረት ፍንጣሪ ከአንድ ወታደር አንጎል ስቦ አወጣ። በ1917 ደግሞ በቤልጂየም ግንባር ባከማቸው ልምድ፣ አንጎላቸው ከቆሰለ ታካሚዎቹ መካከል የሚሞቱት በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ 54 ገደማ ወደ 29 ገደማ ወረዱ።