ፈሪሃ እግዚአብሔር

«ፈሪህ» በግእዝ መፍራት ማለት ሲሆን፣ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ስንል ግን ባሪያ ከጅራፍ የሚሸሽበትን ድንጋጤ ሳይሆን፣ ልጅ የሚወደውን አባቱን እንዳያሳዝን የሚጠነቀቅበትን አክብሮት እንናገራለን፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 11 ይህን ፍርሃት ከጥበብና ከማስተዋል ጋር ከመንፈስ ሀብታት ቈጥሮ ወዲያው ከደስታ ጋር ማያያዙ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሐዘን ሳይሆን የሐሴት ምንጭ መሆኑን ያስረዳናል።

የቃሉን ምሥጢር በሕይወት የተረጐመልን የወላይታ ሕዝብ ታሪክ ነው። በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ የመጡት የወንጌል መልእክተኞች፣ በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ወራሪዎች ተገደው አገሩን ሲለቁ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌና በዙሪያው የተዉአቸው ጥሙቃን 48 ብቻ ነበሩ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ እንደ አቶ ወንዳሮ ያሉ መሪዎችም ታሰሩ፣ ተገረፉም። ይሁን እንጂ «ጦሳ» ብለው የሚጠሩትን አምላክ ከገራፊው አብልጠው የፈሩት እነዚያ ምእመናን፣ የሰው ፍርሃት ከልባቸው ስለ ተወገደ፣ በወኅኒ ሳሉ ሳይቀር በተስፋ ጸኑ፤ ከነጻነት በኋላም መልእክተኞቹ ሲመለሱ የአማኞቹ ቍጥር ወደ 10,000 ተጠግቶ አገኙት።

እንግዲህ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው የሚፈራው አንዱን ብቻ ስለ ሆነ ከብዙ ፍርሃት ነጻ ይወጣል። አንባቢ ሆይ፣ ልጆችህን ይህን ቃል ስታስተምር በማስፈራራት ሳይሆን፣ ከነተስፋውና ከነደስታው አስተምራቸው።