ውሃን ከጥሩ፣ ድምፅን ከሥሩ

በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ቡና የሚያደርቅ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ቀይ ፍሬው ከአልጋ ወርዶ በባዶ መሬት ከተሰጣ አፈር አፈር ይላል፤ ያን ጠረን ከዚያ ወዲያ የትኛዋም ቡና ቆይ አታስለቅቀውም። ይህን ማንሣቴ ስለ ቡና ልጽፍ አይደለም፤ ከዚያው ምድር ስለ በቀለ ድምፅ እንጂ።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወለዱ። በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረው የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት አስገኙ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍረው የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ የሙላቱም ሥራዎች በዚያ ታተሙ። ነገር ግን አብዮቱ መጣ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቀቁ፤ የሸክላውም ዘመን ለካሴት ቦታውን ለቀቀ።

ካሴት ዜማን በየቤቱና በየአውቶቡሱ አዳረሰ፤ ውለታው አይካድም። ዳሩ ግን ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር የክሩ ሹክሹክታ በሹክሹክታ ላይ ይደረባል፤ የጸናጽሉ ጥራት ይደበዝዛል፤ የማጫወቻው ሞተር ሲደክምም ድምፁ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመሩ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ «የግሌ ትዝታ» ከተባለው ሥራ ቁራጭ ወስደው አዲስ ዘፈን ሠሩበት። እንዲህ ያለውን ቁራጭ የሙዚቃ ሰዎች ሳምፕል ይሉታል።

ዛሬ በመኝታ ክፍሉ ኮምፒውተር ያለው ወጣት ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። ብዙው ግን ደጋግሞ የተገለበጠ ኤምፒስሪ ያገኝና ጉድለቱን በሶፍትዌር ሊጠግን ይደክማል። አበው «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ስለዚህ በሴኮንድ እስከ 22,050 የሚደርስ ንዝረት ይይዛል። በ8,000 ልኬት የተቀዳ ግን ከ4,000 ንዝረት በላይ ያለውን አጥቷል፤ ቁጥሩን ኋላ ቢያሳድጉት የጠፋው አይመለስም።

እንግዲህ ሥራው ከምንጩ ይጀምራል። ሸክላው ከአቧራ ይጥራ። ክሩን የሚያነበው ሄድ ዘንበል ብሎ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናልና፣ ብሎኑ በትንሽ ካቻቢቴ በቀስታ እየተዞረ ድምፁ እስኪጠራ ይስተካከል። የሞተሩ ፍጥነት ይፈተሽ፤ ሲቀዳም የመጠን መለኪያው ቀዩን አይንካ። ሹክሹክታውን ማጥፋት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እርሱም በልክ። ሲበዛ የዘፋኙን ትንፋሽ አብሮ ይጠርጋል።

ውድ አንባቢ፣ በካሴት ብቻ የታተሙ ዜማዎች ብዙ ናቸው። ክሩ በየዓመቱ ይደክማል፤ ሳጥኑም ቤት በተጸዳ ቁጥር ይጣላል። ምናልባት አንዱ ንጹሕ ቅጂ የእናትዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሆናል። ከመጣልዎ በፊት አንድ ጊዜ ያድምጡት።