ለከባድ ቁስለኞች ደም የመስጠት ስልት በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ

ለከባድ ቁስለኞች ደም የመስጠት ስልት በጥይት፣ በፍንዳታ ወይም በመኪና አደጋ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው የትኛው ደም፣ በምን መጠን፣ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚሰጠው የሚወስን የሕክምና ሥርዓት ነው። ታላላቅ ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ የተከራከሩት በደሙ ዓይነትና በመጠኑ ላይ ነው። በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ግን የቁስለኛውን ዕጣ ከሁሉ በፊት የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ስልት ከደሙ ምርጫ ሳይሆን ከመንገዱ ርዝመት መነሣት አለበት፦ መድማቱን በቦታው መግታት፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገውን መድኃኒት ቶሎ መስጠት፣ የተመረመረ ሙሉ ደም ደግሞ ለድንበሩ ቅርብ በሆነ ጤና ተቋም ማኖር።

ጠረፉ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በጠረፉ የኢትዮጵያ ወገን ያሉትን መተማን፣ አብደራፊንና ሑመራን ያጥለቀልቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ60,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሱዳን ገብተው ብዙዎቹ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ በጋላባት ወደ መተማ የተሻገሩት በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። የሱዳን የመድኃኒት ማከማቻ ማዕከል የነበረችው ካርቱም የውጊያ አውድማ ስትሆን ተፈናቃዩ የጎረፈባቸው የገዳሪፍ ሆስፒታሎች የሚተማመኑበት ጓዳ ተዘጋባቸው። ከመተማ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ደግሞ ዋልካው መሬት ከዋናው አስፋልት ወጣ ያለውን መንደር ሁሉ ይቆልፈዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ቆስለው ሲያርፉ፣ ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ እስኪያሳውቅ ገና 12 ዓመት ገደማ ይቀር ነበር። ዛሬ እውቀቱ ተገኝቷል፤ ርቀቱ ግን ባለበት ነው።

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የሚሞተው ደም ስላነሰው ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ የመርጋት ኃይሉም ይደክማል፤ ሦስቱ እየተጋገዙ መድማቱን ያባብሱታል። በዚህ ላይ ሳላይን (የጨው ውሃ) በብዛት ማንቆርቆር የቀረውን ደም ያቀጥነዋል። በሂውስተን ከተማ ደረታቸውን ወይም ሆዳቸውን በጥይትና በስለት ተመተው የደም ግፊታቸው በወረደ 598 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ጥናት ፈሳሽ ማጣደፍ እንደሚጎዳ አሳይቷል፤ ፈሳሹ ቀዶ ሕክምና እስኪደርሱ ከዘገየላቸው 70 በመቶ፣ ወዲያው ከተሰጣቸው 62 በመቶ ተረፉ። በ2015 በ680 ቁስለኞች ላይ የወጣው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ደግሞ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል)፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ክፍል) እና ቀይ የደም ሕዋስ እኩል በእኩል ሲሰጥና ቀይ ሕዋሱ እጥፍ ሲሆን ያለውን ልዩነት መረመረ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በመድማት የሞቱት በእኩሉ ወገን 9.2 በመቶ፣ በሌላው 14.6 በመቶ ነበሩ፤ በ30 ቀን የጠቅላላው ሞት ልዩነት ግን አስተማማኝ አልሆነም። ከ20,000 በላይ ቁስለኞችን በ40 አገሮች ያካተተው የ2010 ጥናት የሰጠው ትምህርት ይበልጥ ለጠረፉ ይቀርባል፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ሞትን ከ16 ወደ 14.5 በመቶ ቀንሷል፤ ከጉዳቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሰጥ ግን በመድማት የመሞትን አደጋ የሚጨምር ሆኖ ተገኝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጎንደር ወይም ገዳሪፍ ደርሶ የሚሰጥ መርፌ ለብዙዎች የዘገየ ነው።

እኩል በእኩል የሚለው ሚዛን ደግሞ የራሱ ጓዝ አለው። ፕላዝማ ማቀዝቀዣና ማቅለጫ ይፈልጋል፤ ፕሌትሌት ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። አየሩ በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት አገር ይህን ማሟላት ከባድ ነው። ሙሉ ደም ግን በተለመደው ማቆያ ፈሳሽ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ እስከ 35 ቀን ይቀመጣል። ሦስቱን ክፍሎች መልሶ ማዋሐድ ማቆያ ፈሳሾቹ ስለሚያቀጥኑት የቀይ ሕዋሱን ድርሻ ወደ 29 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ትኩስ ሙሉ ደም ከዚያ የወፈረ ነው። ስለዚህ ሙሉ ደም ለድሃ አገር የተተወ ሁለተኛ ምርጫ ሳይሆን፣ ሌሎች በብዙ ወጪ መልሰው ሊሠሩት የሚሞክሩት ነገር ነው። ለጠረፉ ማቀዝቀዣ፣ ደም ማሞቂያና ካልሲየም ይበቃሉ፤ ካልሲየሙ የሚያስፈልገው ደሙ እንዳይረጋ በከረጢቱ የሚጨመረው ሲትሬት በቁስለኛው ደም ያለውን ካልሲየም ስለሚይዝበት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የበሽታ መተላለፍ ነው። ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረሶቹ ሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ቂጥኝ እንደ ደንቡ ይመረመራሉ፤ በጠረፉ ግን ወባና ካላ-አዛርም አሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በ2016 የታተመ የጋና ጥናት ወባ ያለበትን ያልታከመ ደም ከወሰዱት 22 በመቶው ወባ እንደተላለፈባቸው አሳይቷል። ሆኖም ወባ ይታከማል፤ ደም ሳያገኝ የሞተ ሰው ግን አይታከምም። መልሱ ምርመራውን መዝለል ሳይሆን አስቀድሞ መመርመር ነው፦ የታወቁ በጎ ፈቃደኛ ለጋሾችን መዝግቦ ደማቸውን በየጊዜው መፈተሽ፣ በጭንቅ ጊዜ እነሱኑ ጠርቶ በፈጣን መመርመሪያ ደግሞ ማረጋገጥ። የኦ ዓይነት ደም በኢትዮጵያ የተለመደ መሆኑም ይረዳል፤ ግን ሌላ ዓይነት ላለው ቁስለኛ ሙሉ ደም ሲሰጥ በፕላዝማው ያለው ፀረ እንግዳ አካል መለካት አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ደምን ለቁስለኛው ማቅረብ ጥቅሙ አልተረጋገጠም ይላል። በእርግጥ በ2022 የወጣው የብሪታንያ ጥናት፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ቀይ የደም ሕዋስና ፕላዝማ የተሰጣቸው ሳላይን ብቻ ከወሰዱት የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ ገልጿል። ነገር ግን ሁለት የአሜሪካ ጥናቶችን አዋሕዶ በ2020 የታተመው ትንታኔ፣ ጉዞው ከ20 ደቂቃ በበለጠ ጊዜ ፕላዝማ ሕይወት እንዳተረፈ አመልክቷል። የመተማ ጉዞ በሰዓት የሚቆጠር ስለሆነ ለጠረፉ የሚቀርበው ማስረጃ ይህ ነው።

የመጨረሻው ችግር የለጋሽ ነው። በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የደም አገልግሎት በ2012 ወደ መንግሥት ሲዛወር ዋና ዓላማው ከዘመድ ምትክ ለጋሽ ወደ በጎ ፈቃድ መሸጋገር ነበር። ለዚህ ሽግግር ከጠረፉ የበለጠ ምክንያት ያለው ቦታ የለም፤ ከሐምዳይት የመጣ ስደተኛ ወይም ከደጋ የወረደ አጫጅ ሲቆስል ከአልጋው አጠገብ ክንዱን የሚዘረጋለት ወገን የለውምና፣ የሚያድነው በአልጋው ማን እንደሚተኛ ሳይታወቅ አስቀድሞ የተሰጠ ደም ነው።