ሳይሸነፍ የቀረው፣ ሳይጠራም የቀረው ቡድን

እስኪ ዛሬ ከፖለቲካው ዘወር እንበልና ስለ ኳስ እናውራ። (ዘወር ብለን የት እንደምንደርስ ግን አብረን እናያለን።) ኳሱ እኛ የምናውቀው ክቡ አይደለም። አሜሪካኖች በእጃቸው ታቅፈውት እየሮጡ "የእግር ኳስ" የሚሉት፣ እንቁላል የመሰለው ነው። ጊዜው 1951፣ ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የኢየሱሳውያን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነበር። ገንዘብም ስምም አልነበረውም። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ይከፍል ስለነበር ኮሌጆች ጦር ሜዳ ባዩ ጎረምሶች ተሞልተው ነበር። ከነሱ አንዱ ጂኖ ማርኬቲ ነው። በልጅነቱ ዘምቶ አውሮፓ ላይ ከጀርመኖች ጋር የተዋጋ፣ ግዙፍ ተከላካይ። ሌላው ግዙፍ ቦብ ሴንት ክሌር ይባላል። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪች ነው። የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያደርሰው ደግሞ የ25 ዓመቱ ፒት ሮዜል። ይህን ስም ያዙልኝ።

ሁለት ጥቁር ተጫዋቾችም ነበሩ፤ ኦሊ ማትሰንና በርል ቶለር። ሁለቱም እዚያው ከተማ ካለው ሲቲ ኮሌጅ ነው የመጡት። ቶለር በመከላከል የታወቀ ነበር። ማትሰን ኳስ ይዞ ሯጭ ነው። በዚያ ወቅት 1,566 ያርድ ሮጦ ከመላው አገሪቱ አንደኛ ሆነ፣ 21 ጊዜም መስመሩን አልፎ ነጥብ አስቆጠረ። 1,566 ያርድ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። "ይህማ የጠዋት ሶምሶማ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። አሥራ አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ሊደፋችሁ እየተንደረደረ ሞክሩትና እንነጋገራለን።

ቡድኑ ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። ያስጨነቀው ኒው ዮርክ ሄዶ ፎርድሃምን የገጠመበት ጨዋታ ነበር፤ 32 ለ 26። ማትሰን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ የመክፈቻ ምት ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መስመር ይዞት ሮጠ። የፓሲፊክ ኮሌጅን 47 ለ 14 አራገፉት። በኅዳር መጨረሻ ፓሳዴና በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ሎዮላን 20 ለ 2 ረትተው ወቅቱን ዘጉ።

ቀጥሎ የሚጠበቀው ግብዣ ነው። በዚያን ዘመን ጥሩ ቡድኖች በአዲስ ዓመት "ቦውል" በሚባሉ ጨዋታዎች ላይ እንዲገጥሙ የየከተማው ኮሚቴ ይጠራቸዋል። ጥሪው ክብርም ገንዘብም ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በቡድኑ ምክንያት ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ገንዘቡ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ችግሩ ትልልቆቹ ቦውሎች፣ ኦሬንጅ፣ ሹገርና ጌተር፣ የሚዘጋጁት ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዲጫወት በማይፈለግበት በደቡቡ ክፍል መሆኑ ነው። መልእክቱ በተዘዋዋሪ ደረሰ፦ ሁለቱን ጥቁሮች ትታችሁ ከመጣችሁ ይታሰብበታል።

ቡድኑ እንቢ አለ።

ተጫዋቾቹ በስተርጅና ሲያወሩት ብዙ ክርክር እንኳ አልነበረም ይላሉ። ይህ ነው እኔን የሚገርመኝ። እነዚህ ልጆች የመብት ታጋዮች አልነበሩም፤ ሰልፍ አልወጡም፣ መግለጫ አላወጡም። አብረው የሚላቡ ጓደኞቻቸውን ጥሎ መሄድ አልሆነላቸውም፣ በቃ። ዋጋውም ለሁሉም እኩል አልነበረም። ማርኬቲ ቦውል ቢቀርበት ፕሮፌሽናል ሊግ ይጠብቀዋል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለነበረውና ከዚያ በኋላ ኳስ ለማይነካው ልጅ ግን ያቺ ጨዋታ የዕድሜ ልክ ወሬው ትሆን ነበር። እሱም አብሮ እንቢ ማለቱ ነው ትልቁ ነገር።

ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት ሌላ ነው፦ "የገጠሟቸው ቡድኖች ደካሞች ናቸው።" ሐቁን እንነጋገር ከተባለ ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ሳን ሆዜ ስቴትን ሁለት ጊዜ ገጥመዋል፤ ከዘጠኙ ሁለቱ የጦር ሰፈር ቡድኖች ነበሩ። ግን ጌተር ቦውል ማንን ጠራ? ሁለት ጊዜ የተሸነፈውን ክሌምሰንና ሦስት ጊዜ የተሸነፈውን ማያሚን። "ደቡቡ አይፈቅድም ነበር" የሚለውም ሰበብ አያዋጣም። በ1948 መጀመሪያ ፔን ስቴት ሁለት ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ ቴክሳስ፣ ዳላስ ገብቶ ኮተን ቦውል ላይ ተጫውቷል፤ 13 ለ 13 ተለያዩ፣ ሰማዩም አልተደፋም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው በ1951 ጥቅምት ጆኒ ብራይት የተባለ የድሬክ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋች ኦክላሆማ ሜዳ ላይ ሆን ተብሎ መንጋጋው ተሰብሯል። የጋዜጣ ካሜራ ሁሉንም ይዞት ፎቶዎቹ የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ማትሰንና ቶለር ይጫወቱ የነበረው በዚህ ዓመት ነው።

ወቅቱ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ዕዳውን መሸከም አቅቶት ቡድኑን ዘጋው። በዚያ ደረጃ ዳግመኛ አልተመለሰም። ልጆቹ ተበተኑ። ማትሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር አገኘ። በ1959 የሎስ አንጀለሱ ራምስ ክለብ እሱን ብቻ ለማግኘት ዘጠኝ ሰው ሰጠ፤ ያን ልውውጥ የፈጸመው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፒት ሮዜል ነበር። ማትሰን፣ ማርኬቲና ሴንት ክሌር ሦስቱም የፕሮፌሽናሉ እግር ኳስ የክብር አዳራሽ ገቡ።

ቶለር አልቀናውም። በ1952 በኮሌጅ ምርጦች ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ለፕሮፌሽናል ሊግ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ መምህር፣ ቆይቶም ርዕሰ መምህር ሆነ። በ1965 ደግሞ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተብሎ ፊሽካ አነሣ። በዚያን ጊዜ የሊጉ ኮሚሽነር ማን ነበር? ያው የወሬ አቀባዩ ልጅ፣ ሮዜል።

ጥር 1980 የሱፐር ቦውል ዋንጫ ጨዋታ ተደረገ። 103,985 ተመልካች ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር። ከመስመር ዳኞቹ አንዱ በርል ቶለር ነው። ስታዲየሙ ፓሳዴና ያለው ሮዝ ቦውል፤ ከ28 ዓመት በፊት ሎዮላን 20 ለ 2 አሸንፈው፣ ግብዣ እየጠበቁ የወጡበት ሜዳ።