የቀሩት ልጆች ዓምድ፦ የትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ የተማሪ ውጤትና ተጠያቂነት በዋግ ኽምራ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ የስብሰባ ትዝታ ልጀምር። በሰቆጣ ዙሪያ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ ስሟን ልተወውና፣ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የመንፈቀ ዓመቱን የተማሪዎች ውጤት ሲገመግም እንድታዘብ ተፈቅዶልኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከሮስተሩ ያወጡትን አኃዝ በሰሌዳው ላይ በዓምድ በዓምዱ ጻፉት፦ ለፈተና የተቀመጡ፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡ፣ ከሃምሳ በታች ያመጡ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ውይይቱ በአብዛኛው በኽምጥኛ ይካሄዳል፤ ቃለ ጉባኤው ግን በአማርኛ ይጻፋል። ከአባላቱ መካከል አንድ አዛውንት ሰሌዳውን ሲመለከቱ ቆይተው በመስከረም የተመዘገቡት ልጆች ስንት እንደ ነበሩ ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ቁጥሩን ነገሯቸው፤ ከተፈተኑት ይበልጥ ነበር። አዛውንቱም ልዩነቱ በየትኛው ዓምድ እንደ ተጻፈ ጠየቁ። ዓምድ አልነበረውም። ሰብሳቢው ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን አስታውሰው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የሚቀጥለው አጀንዳ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥራ ነበር።

ይህ ጥያቄ የትምህርት አመራር ጥያቄ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ያ ዓምድ ለምን አልተሠመረም? ደግሞስ ስለ አጥር ለመነጋገር ሰፊ ጊዜ ያለው ቦርድ ስለ ጠፉ ልጆች ለመነጋገር ጊዜ ያጣው እንዴት ነው? መልሱ በዚያ ክፍል ውስጥ በነበሩት ሰዎች ቸልተኝነት የሚገኝ አይመስለኝም። የተቀመጡበት ወንበር ራሱ ታሪክ አለው።

በዋግ ደጋ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የቤተ ክህነት ትምህርት ነበረ። ያንን ትምህርት ማሞገስ የዛሬ ዓላማዬ አይደለም፤ ሴት ልጅን በአብዛኛው ያላስገባ፣ ብዙውን ሕዝብ ከደጅ ያስቀረ ትምህርት ነበር። ነገር ግን ስለ ውጤት አንድ ልብ የሚባል ነገር ነበረው፦ ውጤቱ ይሰማ ነበር። ልጁ ዳዊት ሲደግም አባቱ ፊደል ባይቆጥርም በጆሮው ይሰማዋል፤ ጎረቤትም ይሰማል፤ ልጁ ሲጨርስም እንደ አቅሙ ይደገስለታል። የኔታ በማንም ፊት ሪፖርት አያቀርቡም፤ ነገር ግን ያስተማሩት ልጅ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲያነብ ሥራቸው በአደባባይ ይመረመራል። ውጤቱ ወደ አኃዝ ተቀይሮ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ወደ ላይ የሚሄደው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመጣ በኋላ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት አስተዳደር ሕዝቡን መጀመሪያ ያወቀው በግብር ከፋይነቱ ነው። በ1940 ዓ.ም. ከመሬት ግብር ጋር የተያያዘ የትምህርት ግብር ተደነገገ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት መዋሉን የሚመለከቱ የትምህርት ቦርዶች ተቋቋሙ። በዚህ መሠረት ጥሩ መሬትና ብዙ ግብር ያለው አገር ብዙ ትምህርት ቤት ይኖረዋል ማለት ነው። ዋግ ያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር፤ መሬቱ ገደልና ድንጋይ የበዛበት፣ ወደ ተከዜ ሲወርድም በፍየልና በንብ እንጂ በእርሻ የማይታወቅ። ቦርዶቹም የሚጠየቁት ስለ ገንዘቡ ነበር፤ ልጁ ምን ተማረ የሚለው የተቆጣጣሪውና የሚኒስቴሩ ጉዳይ ነው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» ብሎ መጥራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የውጤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ስሙ ይናገራል።

ከአብዮቱ በኋላ ደርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ሕዝቡ እንዲቆጣጠራቸው አወጀ። ከገበሬና ከቀበሌ ማኅበራት፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጡ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 260 ይህንኑ አመራር ለማጠናከር ወጣ። በቃሉ ደረጃ ከዚህ የበለጠ ሕዝባዊ ቁጥጥር ማሰብ ያስቸግራል። በተግባር ኮሚቴዎቹ የታወቁት ግን መዋጮ በመሰብሰብ፣ ድንጋይና እንጨት በማስጫን፣ የመማሪያ ክፍል በማሠራት ነው። ይህን አላቃልለውም። ብዙዎቹ የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን የቆሙት በዚህ ጉልበት ነው።

ዋግ ላይ ግን የአዋጁ ዘመን ሌላ መልክ ነበረው። ኢሕዴን በኅዳር 1973 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ በዋግ ምድር ነው፤ ገጠሩ የጦርነት ቀጠና ሆነ። በ1977 የዓለም ዓይን ወደ ኮረም መጠለያ ሲዞር ወደዚያ ከጎረፈው ሕዝብ ብዙው ከዋግ ኮረብቶች የወረደ ነበር። የዚያን ትውልድ የትምህርት ውጤት በመቶኛ መጻፍ ምን ትርጉም ይኖረዋል? በመዝገብ ላይ የነበረ ልጅ በመጠለያ ከተቀበረ፣ ከሃምሳ በላይ ካመጡትም ከሃምሳ በታች ካመጡትም አይደለም። ዓምድ የሌለው ልጅ በዋግ ታሪክ እንግዳ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ ሠላሳ እንኳ አይደርስም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መስፋፋት በታሪካችን ተወዳዳሪ የለውም፤ ዋግም ድርሻዋን አግኝታለች። በዳስ የተጀመሩ ክፍሎች ቆርቆሮ ለበሱ፤ ኽምጥኛም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ቦታ አገኘ። በ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር በተለምዶ «ሰማያዊው መጽሐፍ» የሚባለውን የአመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ አወጣ። ዛሬ የምናውቃቸው ሁለቱ አካላት፣ ማለትም የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት፣ ሥልጣናቸው በዝርዝር የተጻፈው በዚህ ነው። ኅብረቱ ኋላ ተማሪን ጨምሮ «ወመተህ» ተባለ። እነዚህ አካላት ዕቅድ ያጸድቃሉ፣ መዋጮ ያሰባስባሉ፣ የመምህራንን ሥነ ምግባር ይከታተላሉ፣ ውጤትንም ይገመግማሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ተጠያቂነት» የምንለው ቃል የሚነግረን ስለሚጠየቀው ነው። ጠያቂውን አይነግረንም፤ የግሡ ቅርጽ ራሱ ሰውሮታል። በሰማያዊው መጽሐፍ ጠያቂው ወላጅ ይመስላል፤ ተግባሩን ስናይ ግን ቦርዱ በቀበሌው አስተዳዳሪ ይመራል፣ አስተዳዳሪው ለወረዳ ይጠየቃል፣ ወረዳው ለዞን። በዚያው ዓመት ገደማ ወረዳዎች የጥቅል በጀት ባለቤት ሆኑ፤ ሆኖም ከትምህርት በጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር፣ ለውኃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ወላጁ መምህሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ መምህሩ መጽሐፉ ለምን እንደ ዘገየ ወረዳውን የሚጠይቅበት ቅጽ ግን የለም። ጥያቄ ወደ ታች ይወርዳል፣ አኃዝ ወደ ላይ ይወጣል።

አኃዙ ምን ያህል ሊሸሽግ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና አሳይቷል። በጥናቱ ከተካተቱት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ሮስተር ላይ በአብዛኛው «ተዛውሯል» የተባሉ ናቸው። የኔታ ፊት ቢቆሙ ኖሮ የመንደሩ ሰው ሁሉ በሰማው ነበር።

ቀጥሎ የኢንስፔክሽን ሥርዓት መጣ፤ ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደቡ ጀመር። ሥርዓቱ ግብዓትንም በመመዘኑ ከቀደሙት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አገር ያነጋገረው ደረጃው ሳይሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሆነ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው ሲፈተኑ፣ ውጤት ከተገለጸላቸው 896,520 ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,161 ደረሱ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፤ አንድም ያላሳለፉት 1,328። እውነቱ በመገለጡ ከሚከፉት ወገን አይደለሁም፤ ኩረጃ የሸፈነውን ገመና ማየት ነበረብን። የምጠይቀው ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ማን ማንን ጠየቀ የሚለውን ነው።

በዋግ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ሰቆጣ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከዚያም በኋላ ረዥም ጊዜ በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ቆዩ። በጦርነቱ አካባቢ የነበሩ ተማሪዎች የ2013ን ፈተና የወሰዱት ከሌሎች ዘግይተው ነው። የ2015ን ክረምት ድርቅ ተከተለው፤ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ከዚያ በፊት ሕፃናትን ከመቀንጨር ለመታደግ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱን አትርሱ፤ በሕፃንነቱ የተራበ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የሚያመጣው ውጤት የመምህሩ ብቻ አይደለም።

ይህ በሌላ አገርም የታየ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ ልጆች በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ተቆጣጣሪው ፊት በሚያሳዩት ውጤትና በመገኘታቸው ላይ እንዲመሠረት ተደረገ። መምህራን ልጆቹን ምንባቡን በቃል ማስጠናት ጀመሩ፤ ባለቅኔውና የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪው ማቲው አርኖልድ አጥብቆ ተቃወመው፤ ሥርዓቱም በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ቀረ። የእንግሊዙ ሕግ ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር ነበረው፦ መገኘትንም ቆጥሯል። የቀረ ልጅ ገንዘብ ያስቀንሳል። በእኛ የውጤት ትንተና ግን የቀረ ልጅ ምንም አያስቀንስም፤ እንዲያውም ደካማው ልጅ ሲቀር መቶኛው ያምራል።

በምሳሌ ልጥቀስ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። በመስከረም መቶ ልጆች ተመዘገቡ እንበል። በኅዳር ለአጨዳ፣ በበጋ ፍየል ይዘው ወደ ተከዜ ቆላ ለመውረድ፣ ሴቶቹ ለጋብቻ፣ አርባው ቀሩ። ከተፈተኑት ስድሳ አርባ አምስቱ አለፉ። ቦርዱ ፊት የሚቀርበው 75 በመቶ ነው፤ ጭብጨባም ይኖረዋል። ከመዝገቡ ተነሥተን ብናሰላ ግን 45 በመቶ ነው። የሁለቱ አኃዞች ልዩነት ያ ዓምድ ነው። ዓምዱ ቢሠመር ጥያቄው በመምህሩ ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ምገባ ለምን እንደ ተቋረጠ፣ የትምህርት ካላንደሩ ለምን ከአጨዳው ጋር እንደ ተጋጨ፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውን ልጅ ማን እንደ ዳራት ይጠይቃል። ከሚጠየቁት አንዳንዶቹ እዚያው ቦርዱ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ ቅጹን ያዘጋጁ ናቸው። መቋረጥ በስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጽሔቶቻችን እንደሚታተም አውቃለሁ። የምለው ግን ሁለቱ አኃዞች በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ወላጅ ፊት አይገናኙም ነው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስና ላብቃ። ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤውን እንዳይ ጸሐፊውን ለመንኩ። ጥያቄያቸው አልተጻፈም። ከአጥሩ ሥራ የእያንዳንዱ ጎጥ ድርሻ ግን በጥንቃቄ ተዘርዝሯል። የቆዩ መዝገቦች ካሉ ብዬ ስጠይቅ ከጦርነቱ የተረፉት ጥቂት መሆናቸውን ነገሩኝ፤ ወንበሩ ለማገዶ፣ ወረቀቱ ለእሳት ማቀጣጠያ ሆኗል። እናንተ የታሪክ ተማሪዎች፣ በተለይ ከሰቆጣ፣ ከአምደወርቅና ከጽፅቃ የመጣችሁ፣ ለእረፍት ስትሄዱ በየትምህርት ቤቱ የቀሩትን የምዝገባ መዝገቦችና ቃለ ጉባኤዎች በፈቃድ ፎቶ አንሡ። የመስከረሙን ገጽና የሰኔውን ገጽ አብራችሁ አንሡ። ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያለውን አስቀድሙ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።